ሴቲንጋችሁ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ እንዳይጠፋ

ኮምፒውተር ሲበላሽ ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፎቶውና ስለ ሰነዱ ነው። ትክክል ነው፤ እነሱ ይቅደሙ። ግን ሰነዱ ተርፎ፣ ፕሮግራሞቹ እንደገና ተጭነው፣ ሥራ ሊጀመር ሲል ሌላ ነገር ይጎድላል። ቃላት ማረሚያው እናንተ ያስተማራችሁትን ስም ሁሉ በቀይ ያሰምርበታል። የለመዳችኋቸው አቋራጭ ቁልፎች አይሠሩም። ብሩሾቹ፣ ቴምፕሌቶቹ፣ የኢሜይል ማጣሪያዎቹ፣ ቡክማርኮቹ የሉም። ፕሮግራሙ ያው ነው፤ የእናንተ ግን አይደለም።

ይሄ በአንድ ቀን የተሠራ ነገር አይደለም። በወራትና በዓመታት ትንሽ በትንሽ የተጠራቀመ ነው። ስለዚህ ምን ምን እንደነበረ ለማስታወስ እንኳ ይከብዳል። ባክአፑ ግን ቀላል ነው፤ የብዙ ፕሮግራሞች ሴቲንግ ሲለካ ከአንድ ፎቶ ብዙም አይበልጥም። የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ የት እንዳለ ማወቅ፣ በትክክለኛው ሰዓት ኮፒ ማድረግና አሮጌውን ኮፒ አለመደምሰስ። ከሦስቱ አጥብቄ የምለምናችሁ የመጨረሻውን ነው። ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

ሴቲንግ እንዴት ይጠፋል?

አብዛኛው ፕሮግራም ሲከፈት የሴቲንግ ፋይሉን ከዲስክ አንብቦ ሚሞሪ ላይ ይይዘዋል። እናንተ የምትቀይሩት ይሄን ሚሞሪ ላይ ያለውን ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም ለውጡን ወዲያው ዲስክ ላይ ይጽፋል። አንዳንዱ ግን እስኪዘጋ ይጠብቃል። ፎቶሾፕ ለምሳሌ ፕሪፈረንሱን (ሴቲንጉን) የሚጽፈው በሥርዓት ሲዘጋ ነው። ጠዋት አስተካክላችሁ ከሰዓት ክራሽ ቢያደርግ (ራሱ በድንገት ቢዘጋ)፣ የጠዋቱ ለውጥ ዲስክ ላይ አልደረሰም።

ሁለተኛው የከፋ ነው። ፕሮግራሙ ፋይሉን እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ወይም ኮምፒውተሩ ስታክ ቢያደርግ፣ ፋይሉ ግማሽ ላይ ይቀራል። አንዳንዴም ስሙ ይኖርና መጠኑ ዜሮ ባይት ይሆናል። በደንብ የተሠራ ፕሮግራም አዲሱን መጀመሪያ በሌላ ስም ይጽፋል፤ ጨርሶ ሲያበቃ ነው በአሮጌው ቦታ የሚተካው። ሁሉም ግን እንዲህ አይጠነቀቅም። ዲስኩም የራሱ ጊዜያዊ ማቆያ ስላለው፣ «ጻፍኩ» ብሎ ገና ያልጻፈው ነገር ይኖራል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የተበላሸ የሴቲንግ ፋይል ያጋጠመው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ምንም ሳይናገር እንደ አዲስ ይነሳል። ስትዘጉት ደግሞ ያንን ባዶ ሴቲንግ በአሮጌው ላይ ይጽፍበታል። ፋይሉን ያቆሰለው ክራሹ ነው፤ የጨረሰው ግን ከፍቶ መዝጋቱ ነው። በዚያው ሌሊት አውቶማቲክ ባክአፕ ቢኖርና የትናንቱን እየደመሰሰ የሚጽፍ ቢሆን፣ ባዶው ሴቲንግ እንደ ደህና ነገር ባክአፕ ይደረጋል። ያን ጊዜ ባክአፕ አለኝ ብላችሁ የምታወጡት ነገር ከንቱ ነው። አሮጌ ኮፒ አትደምስሱ ያልኩት ለዚህ ነው።

አራተኛው የዲስክ መሞት ወይም ፎርማት ነው። ፎርማት የሚያደርግላችሁ ሰው ዴስክቶፑንና የሰነድ ፎልደሩን ያወጣላችኋል። ሴቲንግ ያለበት የተደበቀ ፎልደር ግን ካልተነገረው አብሮ ይጠፋል።

1. የትኛው ፕሮግራም ያሳስባችኋል?

ሁሉንም ባክአፕ ላድርግ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይጀምር ይተወዋል። አንድ ወረቀት ያዙና «ይሄ ነገ እንደ አዲስ ቢከፈት ያናድደኛል» የምትሏቸውን ፕሮግራሞች ብቻ ጻፉ። ለአብዛኛው ሰው ብሮውዘሩ፣ የጽሑፍ ፕሮግራሙ፣ ኢሜይሉና አንድ ወይም ሁለት የሙያ ሶፍትዌሮች ናቸው። በየስሙ ጎን የስሪቱን ቁጥር ጻፉ። ቁጥሩ ሴቲንጉን ስትመልሱ ያስፈልጋችኋል።

2. ፎልደሩን ማግኘት

ዊንዶውስ ላይ ዋናው ቦታ አፕዳታ የሚባል ፎልደር ነው። በስማችሁ በተከፈተው የተጠቃሚ ፎልደር ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። በቀላሉ ለመድረስ የዊንዶውስ ቁልፍንና አር ቁልፍን አብራችሁ ተጫኑ። በምትመጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ አፕዳታ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከፊቱም ከኋላውም የመቶኛ ምልክት አድርጋችሁ፣ ያለ ክፍተት ጻፉና ኢንተር በሉ። የሚከፈተው ሮሚንግ የሚባለው ክፍል ነው። አንድ ደረጃ ወደ ላይ ስትወጡ ሎካልና ሎካል ሎው የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ታገኛላችሁ። ሮሚንግ ውስጥ ብዙ ጊዜ እውነተኛው ሴቲንግ አለ። ሎካል ውስጥ ካሽ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ለፍጥነት የሚያቆየው ጊዜያዊ ፋይል፣ ይበዛል፤ ግን ንቃችሁ አትለፉት፤ ክሮም ሙሉ ፕሮፋይሉን (ቡክማርኩንና ሴቲንጉን ሁሉ የያዘውን ፎልደር) የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ከማይክሮሶፍት ስቶር የወረዱ ፕሮግራሞች ሴቲንግም ሎካል ውስጥ ፓኬጅስ በሚባለው ፎልደር ነው ያለው።

አንዳንድ የዊንዶውስ ፕሮግራም ፋይል የለውም፤ ሴቲንጉን ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የጋራ መዝገብ ውስጥ ይጽፋል። የእናንተ የተጠቃሚ ሬጂስትሪ ዊንዶውስ እየሠራ ሳለ የተቆለፈ ፋይል ስለሆነ እንዲሁ ኮፒ አይደረግም። መንገዱ ይሄ ነው፦ ሬጂስትሪ ኤዲተሩን ክፈቱ፤ «ከረንት ዩዘር» በሚለው ሥር «ሶፍትዌር» ውስጥ የፕሮግራሙን ስም ፈልጉ፤ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኤክስፖርት (ወደ ፋይል አውጣ) በሉ። የሚወጣው ትንሽ ፋይል ነው። የምታወጡት የዚያን ፕሮግራም ቅርንጫፍ ብቻ ይሁን። ሙሉ ሬጂስትሪ አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ደህናውን ዊንዶውስ ያበላሻል፤ በፍጹም አትሞክሩት።

ማክ ላይ የምትፈልጉት የራሳችሁን ላይብረሪ ፎልደር ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተደበቀ ነው። ፋይንደር ላይ «ጎ» የሚለውን ሜኑ ከፍታችሁ ኦፕሽን ቁልፍን ስትይዙ ብቅ ይላል። ውስጡ ፕሪፈረንስ፣ አፕሊኬሽን ሰፖርት እና ኮንቴነርስ የሚባሉ ፎልደሮች አሉ፤ ሦስቱንም ያዙ። የማክ ባክአፕ ማድረጊያ የሆነውን ታይም ማሽንን የምትጠቀሙ ከሆነ እነዚህን አብሮ ይይዛል፤ የቆዩ ኮፒዎችንም ቦታ እስካለ ድረስ ያስቀምጣል። በዚህ የማክ ተጠቃሚዎች ዕድለኞች ናቸው። የዊንዶውስ ባክአፕ ማድረጊያ፣ ፋይል ሂስትሪ፣ አፕዳታን በራሱ አይነካም። ፋይል ሂስትሪን አብርተው ሁሉ ነገር ተይዟል ብለው የሚተኙ ሰዎችን ሳይ ያሳዝኑኛል።

ሊኑክስ ላይ ቤት ፎልደራችሁን ክፈቱና ኮንትሮልና ኤች ተጫኑ። በነጥብ የሚጀምሩ የተደበቁ ፎልደሮች ይታያሉ። ኮንፊግ እና ሎካል የሚባሉት ዋናዎቹ ናቸው። ቆየት ያሉ ፕሮግራሞች በየራሳቸው ስም በነጥብ የሚጀምር ፋይል አላቸው። ፍላትፓክ በሚባለው የፕሮግራም መጫኛ መንገድ የተጫኑት ደግሞ ቫር በሚባለው ባለ ነጥብ ፎልደር ውስጥ ናቸው። ወደ ፍላሽ ስትገለብጡ ፋይሎቹን ታር በሚባለው ማሸጊያ አንድ ላይ አሽጉ። ብዙ ፍላሾች የተሠሩበት የፋይል ሥርዓት የሊኑክስን የፈቃድ መረጃ አይዝም።

3. መጀመሪያ ኤክስፖርት፣ ከዚያ ኮፒ

ፕሮግራሙ ራሱ ሴቲንግ ኤክስፖርት የሚያደርግበት ቦታ ካለው በዚያ ጀምሩ። ኤክስፖርት የተደረገ ፋይል ንጹሕ ነው፤ ስሪት ቢቀየርም ብዙ ጊዜ ይገባል። ግን ሁሉን አይዝም። ስለዚህ ከኤክስፖርቱ በኋላ ሙሉ ፎልደሩንም ኮፒ አድርጉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ያን ያህል ቦታ አይፈጅም።

ፋየርፎክስ ላይ በእገዛ ሜኑ ውስጥ ያለው የችግር መፍቻ መረጃ ገጽ የፕሮፋይል ፎልደሩን በአንድ ክሊክ ይከፍትላችኋል። ሙሉውን ውሰዱ። ቆራርጣችሁ የምትወስዱ ከሆነ የይለፍ ቃል የያዙት ሁለት ፋይሎች፣ ሎጊንስ እና ኪይ 4 የሚባሉት፣ መነጣጠል የለባቸውም። አንዱ ያለ ሌላው አይከፈትም። ፋየርፎክስ አንድ ደግ ነገር ያደርጋል፦ የቡክማርክ ባክአፕ በየቀኑ ለይቶ እስከ 15 ኮፒ በፕሮፋይሉ ውስጥ ያቆያል። ቡክማርክ ከጠፋባችሁ የቡክማርክ ማደራጃውን ክፈቱና ሪስቶር የሚለው ውስጥ በየቀናቸው ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ።

ክሮምና የእሱ ዘመዶች፣ ኤጅን ጨምሮ፣ ዩዘር ዳታ በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው ያሉት። ፕሮፋይላችሁ ዲፎልት ይባላል፤ ከአንድ በላይ ከሆነ ፕሮፋይል 1፣ ፕሮፋይል 2 እያለ ይቀጥላል። እዚያ ውስጥ ቡክማርክስ የሚባል ፋይልና የእሱ ምትክ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ምትኩ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ብሮውዘሩ ሲሠራ በአዲስ ሊተካ ይችላል። ስለዚህ አትተማመኑበት። በየተወሰነ ጊዜ ቡክማርኩን ኤክስፖርት አድርጉት።

ወርድ ላይ ሦስት ቦታ እዩ። ኖርማል የሚባለው ቴምፕሌት ስታይሎቻችሁንና ማክሮዎቻችሁን ይዟል፤ ሮሚንግ ውስጥ ማይክሮሶፍት፣ ከዚያ ቴምፕሌትስ በሚባለው ፎልደር ታገኙታላችሁ። ያስተማራችሁት መዝገበ ቃላት ዩፕሩፍ በሚባል ፎልደር ውስጥ ከስተም ተብሎ ተቀምጧል። ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ በኖትፓድ ተከፍቶ ይነበባል። ከላይ ያለውን የትዕዛዝ ረድፍ በራሳችሁ መንገድ ካስተካከላችሁት ደግሞ ኦፕሽንስ ገብታችሁ ረድፉ በሚስተካከልበት ገጽ ግርጌ ካለው ቁልፍ ኤክስፖርት አድርጉ።

ሊብሬኦፊስ ሁሉንም ዩዘር በሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ይሰበስባል። ፎልደሩ ያለው 4 በሚል ቁጥር ሥር ነው፤ አዲስ ስሪት ብትጠቀሙም ቁጥሩ ያው ነውና አትደናገጡ። ቪኤስ ኮድ የምትጠቀሙ ከሆነ ሮሚንግ ውስጥ ኮድ፣ ከዚያ ዩዘር የሚለውን ያዙ። የጫናችኋቸውን ኤክስቴንሽኖች ዝርዝር ግን ለብቻ ጻፉ።

4. ኮፒ ሲደረግ

ፕሮግራሙ ይዘጋ። ይሄ የማይታለፍ ነው። ክፍት ፕሮግራም ፋይሉን እየጻፈበት ስለሆነ የምትወስዱት ኮፒ ግማሽ ሊሆን ይችላል። በተለይ ብሮውዘሮች መረጃቸውን በዳታቤዝ ነው የሚይዙት፤ የመጨረሻው ለውጥ ከዋናው ፋይል ጎን በጊዜያዊ ፋይል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ብሮውዘር መስኮቱ ተዘግቶ ከጀርባ የሚሠራበት ጊዜም አለና ታስክ ማናጀር ላይ አረጋግጡ።

ፕሮግራሙ ጤነኛ መሆኑንም እዩ። ከፍታችሁ ሴቲንጉ ሁሉ ቦታው ላይ መሆኑን ካያችሁ በኋላ ዝጉት፤ ከዚያ ኮፒ አድርጉ።

ለእያንዳንዱ ኮፒ አዲስ ፎልደር ክፈቱ። ስሙን በዓመት፣ ቀጥሎ በወር፣ ቀጥሎ በቀን ጀምሩ፤ ወርና ቀኑ ሁልጊዜ ሁለት አሃዝ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ፎልደሮቹ ራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ከዚያ የፕሮግራሙን ስምና ስሪት ጨምሩ። የቅርቦቹን አምስት ያህል ያዙ፤ ከእነሱ በተጨማሪ የወራት ዕድሜ ያለው አንድ አሮጌ ይኑር። ሴቲንግ ቀስ እያለ ተበላሽቶ ዘግይታችሁ ካወቃችሁት የሚያድናችሁ እሱ ነው።

በእጅ መገልበጥ ከሰለቻችሁ ዊንዶውስ ላይ ሮቦኮፒ የሚባል ትዕዛዝ አብሮ ይመጣል። በአንድ ትንሽ የባች ፋይል (የትዕዛዝ ዝርዝር) ጻፉትና ታስክ ሼጁለር የሚባለው የዊንዶውስ ቀጠሮ ያዥ በየሳምንቱ እንዲያስነሳው አድርጉ። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ «ሚረር» የሚባለውን አማራጭ አትጠቀሙ፤ ምንጩ ላይ የጠፋውን ባክአፑ ላይም ያጠፋል። ሁለተኛ፣ ሮቦኮፒ የተቆለፈ ፋይል ሲያጋጥመው ካልተነገረው በቀር በየ30 ሰከንዱ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል። የሙከራውን ቁጥርና የመጠበቂያውን ሰከንድ ራሳችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ወስኑለት፤ አለዚያ ጠዋት ስትመጡ አንድ ፋይል ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

ኮፒው ያው ዲስክ ላይ ከቀረ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። አንዱን በውጭ ዲስክ ወይም በፍላሽ፣ ሌላውን በክላውድ አድርጉ። ፍላሹን ስትነቅሉ ደግሞ በትዕግሥት «ኢጀክት» በሉት። ከመንቀላችሁ በፊት ያልተጻፈ ነገር እንዳይቀር ነው።

ክላውድ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ቆልፉት። የብሮውዘር ፕሮፋይል ውስጥ የገባችሁባቸው አካውንቶች ምልክት አለ። እሱን ያገኘ ሰው ፓስወርድ ሳይጠየቅ በእናንተ ስም ሊገባ ይችላል። ሰቨን ዚፕ ነፃ ነው፤ በፓስወርድ ያሽጋል።

5. ኮፒ የማይይዛቸው ነገሮች

ዊንዶውስ ላይ ክሮም ውስጥ የተቀመጠ የይለፍ ቃል ከዚያ ኮምፒውተርና ከዚያ የዊንዶውስ አካውንት ጋር ታስሮ የተቆለፈ ነው። ፎልደሩን ወደ ሌላ ማሽን ብትወስዱ የይለፍ ቃሎቹ አይከፈቱም። ስለዚህ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም ተጠቀሙ ወይም ከብሮውዘሩ ኤክስፖርት አድርጉ። ኤክስፖርት የሚደረገው ፋይል ማንም ከፍቶ የሚያነበው ግልጽ ጽሑፍ ነው። አሽጋችሁ ስታበቁ ግልጹን አጥፉት፤ ከሪሳይክል ቢንም ጭምር።

የሶፍትዌር ላይሰንስ ቁልፍም እንዲሁ ነው። ደረሰኙንና ቁጥሩን ለብቻ አስቀምጡ። በማሽን ብዛት የሚገደብ ላይሰንስ ከሆነ ደግሞ፣ ኮምፒውተሩ ገና እየሠራ ፎርማት ልታደርጉ ስትሉ መጀመሪያ ላይሰንሱን ዲአክቲቬት አድርጉ (ከዚያ ማሽን አላቁት)።

ኤክስፖርት የሌለው፣ ፋይሉም የማይገኝ ፕሮግራም ካጋጠማችሁ የሴቲንግ ገጾቹን አንድ በአንድ ስክሪንሾት አንሱ። ያረጀ ዘዴ ይመስላል፤ ግን ይሠራል።

ስለ ሲንክ አንድ ነገር

ብሮውዘሬ ሲንክ ስለሚያደርግ (በአካውንቴ በኩል ማሽኖቼን ስለሚያመሳስል) ባክአፕ አያስፈልገኝም የሚሉ ብዙ ናቸው። ሲንክ ጥሩ ነገር ነው፤ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሥራ ያቀልላል። ግን የሚያደርገው ሁሉንም ማሽን አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። እዚህ ቡክማርክ በስህተት ከተሰረዘ እዚያም ይሰረዛል። ስለዚህ ሲንኩም ይኑር፣ ቀን የተጻፈበት ኮፒም ይኑር።

6. ክራሹ ከደረሰ በኋላ

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ኮምፒውተሩ ተነስቷል እንበል። መጀመሪያ ፕሮግራሙን አትክፈቱ። የሴቲንግ ፎልደሩን እንዳለ፣ ተበላሽቶም ቢሆን፣ ኮፒ አድርጋችሁ ወደ ሌላ ቦታ ውሰዱት። ግማሽ ፋይል ውስጥም የሚድን ነገር ይኖራል። አንዳንድ ፕሮግራም የቀድሞውን ፋይል በሌላ ስም እዚያው አጠገብ ትቶት ይሆናል።

ከዚያ ክፈቱት። ሴቲንጉ ካለ ጥሩ። እንደ አዲስ ከመጣ ምንም ሳትነኩ ዝጉት። የተበላሸውን ፎልደር አትሰርዙ፤ ስሙን ብቻ ቀይሩና ደህናውን ኮፒ በቦታው አስገቡ። ወርድ ገና ሲከፈት የሚሞት ከሆነ ብዙ ጊዜ ኖርማል ቴምፕሌቱ ነው የተጎዳው። ስሙን ስትቀይሩት ወርድ ሌላ አዲስ ይፈጥራል፤ ያኔ ከባክአፑ ታመጣላችሁ። ሊብሬኦፊስ በእገዛ ሜኑ ውስጥ ሴፍ ሞድ አለው፤ ከዚያ ወደ መጨረሻው ጤነኛ ሴቲንግ የሚመልስ አማራጭ ታገኛላችሁ። ማክ ላይ ደግሞ ሲስተሙ የፕሪፈረንስ ፋይሎችን ራሱ ሚሞሪ ላይ ይይዛል። ፋይሉን ከመለሳችሁ በኋላ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ ግቡ፤ አለዚያ የድሮው ተመልሶ ይጻፍበታል።

ክራሹ የሚደጋገም ከሆነ ሴቲንጉን መመለስ ብቻ አይበቃም። ዊንዶውስ ላይ የዲስክ መመርመሪያውን አስነሱ። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ ባክአፑን መልሳችሁ እዚያው ላይ ማስቀመጥ ድካም ብቻ ነው።

7. ሳይቸግር ሞክሩት

ተሞክሮ የማያውቅ ባክአፕ ተስፋ ብቻ ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ የተጠቃሚ አካውንት ክፈቱ። በእሱ ግቡና ፕሮግራሙን አንዴ ከፍታችሁ ዝጉ፤ ፎልደሮቹን ይፈጥራል። ከዚያ ባክአፑን በዚያ አካውንት ፎልደር ውስጥ አስገቡና እንደገና ክፈቱት። አቋራጭ ቁልፎቻችሁ፣ ቃላቶቻችሁ፣ ቴምፕሌቶቻችሁ ከመጡ ባክአፑ ይሠራል። የጎደለ ካለ አሁን ታውቁታላችሁ፤ ዋናው ሴቲንግ ገና በሕይወት እያለ። ስትጨርሱ አካውንቱን አጥፉት።

ስሪትን የምትጠነቀቁት እዚህ ላይ ነው። የአሮጌ ስሪት ሴቲንግ አዲሱ ላይ ብዙ ጊዜ ይገባል። የአዲሱ ግን አሮጌው ላይ ላይገባ ይችላል። ፋየርፎክስ ከ67ኛው ስሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በአዲስ ስሪት የተከፈተን ፕሮፋይል በአሮጌው አልከፍትም ብሎ አዲስ እንድትፈጥሩ ይጠይቃል። ብዙ ፕሮግራሞች ግን ሳይጠይቁ ከፍተው ያበላሹታል። ስለዚህ ትልቅ አፕዴት ሲመጣ አዘምን ከማለታችሁ በፊት ፕሮግራሙን ዝጉና አንድ ኮፒ ውሰዱ። የአሮጌውን ስሪት ቁጥርም በፎልደሩ ስም ላይ ጻፉበት።